ወስፌ ያወጣችው አሥራ ስድስት ገጽ

በጥረዛ ክፍላችን ሃያ ስድስት ዓመት የሠራች ሴት አለች። ወስፌ እንላታለን። ስሙ የወጣላት በሁለት ምክንያት ነው፤ ቀጭን ናት፣ አፏም ይወጋል። እሷ ግን ሦስተኛ ምክንያት ጨምራለች። የሻይ ሰልፍ ስትቀድመን «ወስፌ ካልቀደመ ክር አይገባም» ትላለች።

ሥራዋ የተፈታ መጽሐፍ ማዳን ነው። ጀርባውን ትልጣለች፣ አሮጌውን ክር ትቆርጣለች፣ የተቀደደውን ትለጥፋለች፣ መልሳ ትሰፋለች። ከመፍታቷ በፊት ገጽ ትቆጥራለች፤ ከሰፋች በኋላ ደግማ ትቆጥራለች። እኛ ሌሎቻችን ሥራ ሲበዛብን ሁለተኛውን ቆጠራ እንዘለዋለን። እሷ ዘልላ የምታውቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የምጽፈውም ስለዚያው ነው።

ወስፌ የምትኖረው ከታናሽ ወንድሟ ጋር ነው። ሴራሚክ ነጣፊ ነው፤ ውሃልክ ይሉታል። ሰው ቤት ሲገባ ከሰላምታ በፊት ወለል ያያል። የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ መስታወት ፊት ቆሞ ጢሙን ሲላጭ፣ ከላይ ያለው ጎረቤት ጠመንጃውን ይወለውል ነበር። ባዶ ነው ብሎ ነው። ሕንፃው የድሮ ስለሆነ የላይኛው ፎቅ ወለል ጣውላ ነው። ጥይቱ ጣውላውን በስቶ ወንድምየው ዳሌ ውስጥ ገባ። ጎረቤትየው ፈቃድ ያለው፣ ሰላምተኛ፣ የሰው ዕቃ የሚያግዝ ሰው ነበር። እየሮጠ ወርዶ ቁስለኛውን አቅፎ መኪና ውስጥ ያስገባውም እሱ ነው። በወሩ ቤቱን ለቆ ሄደ። ጠመንጃውን ምን እንዳደረገው የሚያውቅ የለም።

ለወንድምየው ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ሐኪሙ ነርቩ አልተቆረጠም፣ ግን በእነዚህ ወራት ካልተራመደ እግሩ ይከሳል፣ ከከሳ በኋላ መመለሻ የለውም ብሎ ለወስፌ ነገራት። ወንድምየው ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ብትለምነው፣ ብትቆጣው፣ ወይ ፍንክች። ወስፌ በቤታቸው ኮሪደር ግድግዳ ላይ የቧንቧ ብረት መደገፊያ አስበየደች። እሱ የእጅ ፎጣ ሰቀለበት።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው ልብ ወለዶቹ የገቡት። የአንድ ደራሲ ስድስት ቅጾች ናቸው፤ የአንዲት ትንሽ የባቡር ጣቢያ ኃላፊና የአራት ሴት ልጆቹ ታሪክ። ወስፌ ከዓመታት በፊት የመጀመሪያውን ስትጠርዝ አንብባ ወድዳው፣ የቀሩትን እየተከታተለች እስከ አምስተኛው ገዝታ ነበር፤ ስድስተኛው ያኔ ገና አልወጣም። በስድስቱም ውስጥ አንድ ጥይት አይተኮስም። ትልቁ ወንጀል የጃንጥላ ስርቆት ነው። ወንድሟ ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ካለው ጽሑፍ በቀር ያነበበው ነገር የለም። አንድ ቀን ከሥራ መልስ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብላ ለራሷ ድምጿን አውጥታ ማንበብ ጀመረች። ምዕራፉ ሲያልቅ መጽሐፉን ዘጋች። ከግድግዳው በኩል «ሁለተኛዋስ ምን አለችው?» የሚል ድምፅ መጣ።

ውሉ በዚያው ተፈጸመ። ብረቱን ይዞ ኮሪደሩን ሦስት ጊዜ ከተመላለሰ አንድ ምዕራፍ፤ ካልተመላለሰ ዝም። እሷ በአንድ እጇ መጽሐፉን ይዛ፣ ሌላውን ቢወድቅ ለመያዝ ዘርግታ፣ ጎን ለጎን እየሄደች ታነባለች። መጽሐፍ በአንድ እጅ ተይዞ ጠፍጣፋ እንዲከፈት ደግሞ አሰፋፉ ላላ ማለት አለበት፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ቅጽ ፈትታ እንደገና ሰፋችው። መጀመሪያ አካባቢ አንድ ምልልስ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ወንድምየው ላቡን እየጠረገ «እታለም፣ የእስር ቤት ጠባቂ መሆን ሲገባሽ በከንቱ መጽሐፍ ስትሰፊ ኖርሽ» ይላት ነበር። ይራመዳል ግን።

አምስተኛው ቅጽ መሃል ላይ ሳሉ፣ በምሳ ሰዓት የጥረዛ ክፍሉ ሬዲዮ ስለ አንድ ረቂቅ ሕግ ክርክር አሰማን። ጠመንጃ ያለው ሰው ቤቱ ውስጥ ቆልፎ ያስቀምጥ፣ ጥይቱን ለብቻው ያኑር፣ ፈቃዱን በየዓመቱ ያድስ የሚል ነው። ከተቃዋሚዎቹ አንዱ ደራሲው ነበር። በዚያው በምናውቀው ጣፋጭ አንደበቱ፣ ሰው ቤቱን የሚጠብቅበትን መብት በቁልፍ መዝጋት አይገባም አለ። ጋዜጠኛዋ ስለ አደጋ ጠየቀችው። አደጋ በመኪናም አለ ብሎ ወደ ሌላ ነጥብ አለፈ።

ክፍሉ ሁሉ ወስፌን አየ። ሙጫ ቀቢው መጽሐፎቹን አምጪና ማንጠፊያ እናድርጋቸው አለ፤ ማንጠፊያ የምንለው ሙጫ ስንቀባ ጠረጴዛው እንዳይበላሽ ከሥር የምናነጥፈውን ውዳቂ ወረቀት ነው። ማጠፊያ ማሽኑ ላይ ያሉት አዛውንት ደግሞ ፖሊስ በሁለት ቀን የማይደርስበት አገር ላይ የሚኖሩ ዘመዶች እንዳሏቸው፣ ሰውየው ያለውም ሁሉ ከንቱ እንዳልሆነ ተናገሩ። ሁለቱ ምሳው እስኪያልቅ ተነታረኩ። ወስፌ አንድ ቃል አልተናገረችም። እንዲህ ያለ ቀን አይቼ አላውቅም።

የከነከናት ሰውየው ጠመንጃ መውደዱ አልነበረም፤ የሚወድ ብዙ ሰው ታውቃለች። «በመኪናም አለ» ብሎ ማለፉ ነው። የዚያን ዕለት የነበረው ምዕራፍ አባትየው የትንሿን ልጅ ፀጉር የሚያበጥርበት ነው። አባት ማበጠር አያውቅም፤ ልጅቷ እንዳያፍር ብላ ሕመሟን ትውጣለች። ወስፌ እያነበበች እንባዋ መጣ። ለገጹ ይሁን ለወንድሟ ዳሌ አላወቀችም። ይህን የጻፈ ሰው ያንን እንዴት ይላል እያለች ሦስቱን ምልልስ ጨረሰች። ማንበቡን ልትተወው አሰበች። ብትተወው ግን የወንድሟ እግር ይቀራል፤ ለምን እንደተወችው ብትነግረውም ያው ነው። ስለዚህ አፏን ዘጋች፤ የቤቱን ሬዲዮ ባትሪውን አውጥታ ተበላሽቷል አለችው።

ስድስተኛው ቅጽ ሲወጣ ገዝታ ለመፍታት ወደ ሥራ ቦታ አመጣችው። ከኋላ በኩል ስትከፍተው «ስለ ቤቴ፣ ስለ በሬና ስለ ጠመንጃዬ» የሚል የደራሲው ጽሑፍ በመዝጊያው ላይ ታትሟል። ስምንት ገጽ ነው። ክሩን ቆርጣ የመጨረሻውን እጥፍ እንደሞተ አይጥ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ የቁርጥራጭ ሣጥን ውስጥ ጣለችው። የቀረውን ሰፍታ፣ ወፍራም ሽፋን አልብሳ፣ ከመጫኛው ማሽን ሥር አስገባችው። ያንን አርዕስት ዳግመኛ ላለማየት ሁለተኛውን ቆጠራ ዘለለችው።

እንደኛ ላለ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ ለአንባቢ ላስረዳ። መጽሐፍ በነጠላ ቅጠል አይሰፋም። ትልቁ ወረቀት ታትሞ ይታጠፋል፤ አንዱ እጥፍ አሥራ ስድስት ገጽ ነው። ስምንቱ የኋለኛው ገጽ የጠመንጃው ጽሑፍ ከሆነ፣ የፊተኛው ስምንትስ? ልብ ወለዱ የሚያልቅበት ነበር።

ወንድምና እኅት ይህን ሳያውቁ ቅጹን ለሦስት ሳምንት አነበቡ። በመጨረሻው ቀን ወንድምየው ሦስተኛው ምልልስ ላይ ነው፣ ብረቱን በቀኝ እጁ ይዟል። ባቡሩ ፊሽካውን ነፋ፤ ትንሿ ልጅ ሻንጣዋን አነሳችና ወደ አባቷ ዞራ፣ ይላል ገጹ። ወስፌ ገለበጠች። ነጭ የሽፋን ወረቀት።

«ዞራስ?» አለ።

ወደፊት ገለበጠች፣ ወደኋላ ገለበጠች።

«እታለም፣ ዞራ ምን አለችው? ቆሜ ነው ያለሁት እኮ።»

ያኔ ገባት። ወንበር ስባ አስቀመጠችውና ሁሉንም ነገረችው፤ ሬዲዮውን፣ ባትሪውን፣ የጣለችውን እጥፍ። ወለሉን እያየ ሰማት።

«አውቃለሁ» አለ።

ለካ ከአምስት ሳምንት በፊት፣ ፊዚዮቴራፒ ተራ ሲጠብቅ፣ የደራሲውን ፎቶና ንግግሩን ጋዜጣ ላይ አይቶት ኖሯል። ለምን ዝም እንዳለ ስትጠይቀው፣ ብነግርሽ ማንበቡን ታቆሚያለሽ ብዬ ነው አላት። እሷም ብነግርህ መራመዱን ታቆማለህ ብዬ ነው አለችው። ተያይተው ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ወስፌ የሆዷን ጠየቀችው፤ አያቃጥልህም ወይ?

«ያቃጥለኛል እንጂ» አለ። «ግን ጥሩ አናጢ ቤት ስለሠራልኝ ጥርሴን እንዲነቅል አፌን አልከፍትለትም። ጥርስ መንቀል አይችልም ብዬ ደግሞ ቤቱን አላፈርስም። ስለ ልጆች ሰውየው ያውቃል። ስለ ጠመንጃ የማውቀው እኔ ነኝ።» ቆየት ብሎም፣ «ያወጣሽውን መልሺ። የሱንም ጽሑፍ ጨምረሽ። ልጣላው ከሆነ ያለውን ልስማዋ» አላት።

በማግስቱ ጠዋት የቁርጥራጩን ሣጥን ወለል ላይ ዘረገፍነው። የለም። በመጨረሻ ከሙጫ ቀቢው ጠረጴዛ ሥር ተገኘ፤ ማንጠፊያ አድርጎታል። በጣም ጥሩ ማንጠፊያ እንደነበረ መስክሮ አስረከባት። የውስጡ ወረቀቶች ደህና ነበሩ። የውጪው ግን በስታርች ሙጫ ደርቆ ካርቶን ላይ ተጣብቋል። የዚያ ወረቀት አንዱ ቅጠል ዓረፍተ ነገሩ የተቋረጠበት ቀጣይ ገጽ ነው፤ ሌላው ቅጠል የጠመንጃው ጽሑፍ መዝጊያ። ሙጫ ቀቢው የልጅቷን አጥበሽ የሰውየውን ቆርጠሽ ጣይው አላት።

«ከዚያ የልጅቷን በምን ልሰፋው?» አለችው።

እውነቷን ነው። አንድ ወረቀት መሃሉ ላይ ታጥፎ ነው ሁለት ቅጠል የሚሆነው፤ ክሩ የሚይዘው እጥፋቱን ነው። ለብ ያለ ውሃ በዝርግ ሳህን አድርጋ ካርቶኑን ነከረችው፤ ሙጫው ሲለሰልስ ወረቀት በምናጥፍበት የአጥንት ማለስለሻ ጫፍ ከጥግ እያነሳች፣ ጥርሷን ነክሳ፣ አንድ ፊደል ሳይነሳ አላቀቀችው። የሻይ ሰዓት ነበር፤ ሻዩን ትተን ከበን አየናት። በመምጠጫ ወረቀት መሃል አደረቀችው፣ ሰፋችው፣ ሁለት ጊዜ ቆጠረችው። ቅጠሉ ትንሽ ቢጫ ሆኗል እንጂ ይነበባል።

ወደ ቤት ወስዳው ከወንድሟ ጋር አነበቡት። ልጅቷ ለአባቷ ምን እንዳለችው አልነግራችሁም፤ ደራሲውን ብንቃወመውም ገበያውን አናበላሽበትም። ሲጨርሱ ወስፌ «እግዜር ይስጠው» አለች። በአፍ ብቻ ያለችው አልነበረም።

ከዚያ ወንድምየው መጽሐፉን ከእጇ ተቀብሎ የጠመንጃውን ጽሑፍ ራሱ ማንበብ ጀመረ። በየአንቀጹ መልስ ይሰጣል። አንድ ቦታ ላይ እውነቱን ነው አለ፤ ብቻውን ሩቅ ቦታ ስለሚኖር ገበሬ የተጻፈው ላይ። ቀጥሎ ደራሲው በጥንቁቅ ሰው እጅ ጠመንጃ አደጋ የለውም የሚል ዓረፍተ ነገር ጽፏል። ወንድምየው እዚያ ላይ ተነሳ። ከእኛ ሕንፃ ውስጥ ከላይኛው ጎረቤት የበለጠ ጥንቁቅ ማን ነበር፣ ከመውጣቱ በፊት የውሃ ቧንቧ ሦስት ጊዜ የሚያይ ሰው አልነበረም ወይ እያለ፣ በግራ እጁ መጽሐፉን ይዞ፣ በቀኝ እጁ ገጹን እየጠቆመ ኮሪደሩን ይዞ ሄደ።

በቀኝ እጁ እየጠቆመ። ብረቱን የሚይዝበት እጅ ያ ነው።

ወስፌ እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበች። ሴራሚኩን ቆጠረች፤ ራሱ የነጠፈው ነው። አሥራ አንድ ሴራሚክ ሄዶ ከማድ ቤቱ በር ዞረ። ሲዞር ፊቷን አየ።

«ምን ሆንሽ?» አላት።

«ምንም። ቀጥል። ከዚያስ ምን ይላል?»

ጽሑፉ ሲያልቅ ሃያ ሁለት ሴራሚክ ያለ ድጋፍ ሄዶ ነበር። በቀጣዩ ሳምንት ለደራሲው ደብዳቤ ጻፉ። ምስጋናው ይቅደም ወይስ ጠቡ በሚል ሁለት ቀን ተከራከሩ፤ በመጨረሻ ወስፌ በአንድ ወረቀት ፊትና ጀርባ ላይ ጻፈችው፣ እሱ ባገላበጠ ጊዜ እንደፈለገ ይጀምር ብላ። ወንድምየው ረቂቅ ሕጉን ከሚደግፉት ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ፈረመ። ደራሲው እስካሁን አልመለሰም። አልተቀየሙትም።

አሁን ወንድምየው በከዘራ ይሄዳል፤ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሴራሚክ ይነጥፋል። ባለፈው ወር የደራሲው አዲስ ልብ ወለድ ወጣ። ራሱ መጻሕፍት መሸጫው ድረስ በእግሩ ሄዶ ገዛው፤ ደርሶ መልስ ሃምሳ ደቂቃ። ገና ገንዘብ መክፈያው ላይ ሳለ ከኋላ በኩል ከፈተው፤ የሚከራከርበት ጽሑፍ የለም። ትንሽ ቅር ብሎት ነው የገባው ትላለች ወስፌ።