ያልዘፈንኳቸው ሁለት ስንኞች

የዚያን ዕለት እሁድ የግጥሜን ወረቀት ሱቅ ጥዬ፣ የሰው ሽንኩርት አንጠልጥዬ መድረክ ላይ ወጣሁ። ቃሊቲ ወዳለው የወጣት ማዕከል አዳራሽ ስሄድ ለጉሮሮዬ ከረሜላ ልግዛ ብዬ ሰፈራችን ካለው ስልጤ ባለሱቅ ዘንድ ጎራ ብዬ ነበር። ጥቁር ፌስታሌን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። ከጎኑ ሌላ ጥቁር ፌስታል ነበር፤ አንዱን አነሳሁ። አኮርዲዮን በጀርባው ያዘለ ሽማግሌን ወረቀትም ሽንኩርትም እኩል ይከብደዋል።

ሥራህ ምንድነው ለሚለኝ ጡረተኛ ነኝ እላለሁ። ድሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበርኩ፤ በፋብሪካው የኪነት ቡድንም አኮርዲዮን እጫወት ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው የጻፈውን ግጥም ወስጄ ዜማ እሠራለትና ራሴው እዘፍነዋለሁ። እስክስታ የለው፣ ጭፈራ የለው፤ ሰው ቁጭ ብሎ ቃሉን የሚሰማበት ዘፈን ነው። ልጆቼ ሠርግ ሲደግሱ ሌላ ሙዚቀኛ የሚጠሩት ለዚህ ነው።

የዚያን ዕለቱ ግጥም የጎረቤቴ ነበር። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ቲቸር ይላቸዋል። አሥራ ስድስት ስንኝ ሰጡኝና አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ፤ አዝማች እንዳላስገባበት። አንዴ በደንብ የተባለን ነገር ምን ያስደግመዋል አሉኝ።

ግጥሙ የተጻፈው ለታናሽ እህታቸው ነው። ታናሽየዋ ዓረብ አገር በሰው ቤት ስትሠራ እናታቸው ሞቱ። ቲቸር፣ ልጅቱ በባዕድ አገር ብቻዋን መርዶ ሰምታ ምን ትሆናለች ብለው ደበቋት። በየሳምንቱ ስትደውል አንዴ ተኝታለች፣ አንዴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች ሲሏት ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። እሷም ለእናቷ ሹራብ ትልክ ነበር። አገሯ ገብታ ከነፌስታላቸው የተደረደሩትን ሹራቦች ካየች ወዲህ እህቷን አላናገረችም። ሽማግሌ ተልኮ ባዶ እጁን ተመለሰ። ቲቸር ይቅርታ ለመጠየቅ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር፣ ያስተማሩበት ልማድ ሆኖ ነገሩ ማብራሪያ እየሆነባቸው ተዉት። ስለዚህ ጻፉት። ይቅርታው ያለው መጨረሻዎቹ ሁለት ስንኞች ላይ ነው። እኔ ልዘፍነው፣ እሷ ተቀምጣ ልትሰማው። በዘመድ በኩል ተጠርታ፣ ዘፈን ለመስማት ከሆነ እሺ ብላ ከገላን ኮንዶሚኒየም መጣች። የቲቸር ጤና በዚያ ሰሞን በጣም መንምኖ ስለነበር ሌላ እሁድ ይኖራል ብሎ የሚተማመን አልነበረም።

መድረክ ላይ ፌስታሉን ስፈታ ቀይ ሽንኩርት። ቲቸር ከፊት፣ ጋቢ ተከናንበዋል። ታናሽየዋ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ቦርሳዋን ታቅፋለች። ሦስት ወር ሙሉ ያሸሁት ግጥም ነው፣ ወረቀት ምን ያደርግልኛል አልኩና ጀመርኩ።

ስልኩ ይጣራል፣ እናቴን ስጪኝ እያለ፤
አልጋው ተነጥፎ ውሏል፣ ትራሱ እንደቀለለ።

አሥራ አራቱ ስንኝ እንደ ውሃ ወረደ። አሥራ አምስተኛው ላይ ዜማው መጣ፣ ቃሉ አልመጣም። ላገኘሁት ሰው ሁሉ ዋናው ቃሉ ነው እያልኩ የምሰብክ ሰውዬ፣ ለካ በልቤ የያዝኩት የራሴን ዜማ ኖሯል። ረሳሁ ማለት ነበረብኝ። አፈርኩና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስንኞች ደገምኳቸው። አዳራሹ አዝማች ያገኘ መስሎት ማጨብጨብ ጀመረ፤ አንዲት ሴትማ እልል አለች። እውነቱን ልናገርና፣ ጭብጨባው ሲሞቅ ደስ አለኝ። ሦስተኛም ደገምኩት።

ታናሽየዋ አላጨበጨበችም። እሷ ዘንድ የደረሰው ስልኩ ብቻ ነው፤ አንቺ ሩቅ ሆነሽ ስትደውዪ እናትሽ ሞተች የሚል ወቀሳ፣ ያውም በጭብጨባ የታጀበ። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። እኔ ከአኮርዲዮኑ ማንገቻ ጋር ስታገል የተሳፈረችበት ታክሲ ሄዷል።

ቲቸርን ደግፌ ወደ ቤታቸው ስወስዳቸው መንገዱን ሙሉ ይቅርታ ስጠይቅ ነበር። ዛሬውኑ ሄጄ ልንገራት አልኳቸው።

«አንተ ብትነግራት የሽማግሌ ወሬ ይሆናል፤ እሱን ሰምታ ጨርሳለች» አሉኝ። በራቸው ላይ ስንደርስ ክንዴን ለቀቁና፣ «እንዳትነግራት። ዝፈንላት። ሁለት ስንኝ አለብህ፣ አንተ ቀልማዳ።»

ሳቅ ብለው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ቀበርናቸው።

ታናሽየዋ መጥታ፣ ሳንታረቅ፣ ሳንታረቅ እያለች አለቀሰች። እኔ ድንኳኑ ጥግ ንፍሮ እየቆረጠምኩ አቀርቅሬያለሁ። ለቅሶ ቤት አኮርዲዮን አይነካ፤ ሙት ዓመቱ ይለፍ አልኩ። አለፈ። አንድ ቀን ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ፣ አኮርዲዮኑን አዝዬ ገላን ሄድኩ። ቤቷ አራተኛ ፎቅ ነው። ሦስተኛው ላይ ቁጭ ብዬ ትንፋሼን ስሰበስብ ከላይ ስልክ ጮኸ። አነሳችው። «ደህና ነኝ፣ ማንም የለም፣ ብቻዬን ነኝ» ስትል በደረጃው ቁልቁል ተሰማኝ። በጉልበቴ አሳብቤ ወረድኩ። ከዚያ ወዲህ ጉልበቴ ጥሩ ምክንያት ሆኖኛል፤ ድምፄም እየሻከረ ስለሆነ በቅርቡ ሁለተኛ ምክንያት አገኛለሁ።

ሽንኩርቱንማ የዚያኑ ዕለት መልሻለሁ። ባለሱቁ ወረቀቴን እየሰጠኝ፣ «አባባ፣ ሴትዮዋ እኮ ሁለቴ ተመላለሰች፤ ወጧ ቆሞባት» ብሎ ወቀሰኝ፤ እሷንም በማግስቱ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። የታናሽየዋ ግን እስከ ዛሬ እኔው ጋ ነው፤ ሁለት ስንኝ፦

ተኝታለች ያልኩሽ፣ ወጥታለች ያልኩሽ፣
እኔ ነኝ እህቴ፣ ለቅሶሽን የሰረቅኩሽ።