ወላሂ፣ አሥር ነው

ከመርሳ እስከ ውርጌሳ ባለው አገር አልጀብራ የሚያውቅ ሰው ፈልጉ ብትባሉ ከእኔ ሌላ አታገኙም። ቁጥር እኔን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሥቶ እጅ ይነሣል። ይህን ስል ግን ኮርሱን አልፌዋለሁ ማለቴ አይደለም። «የአልጀብራ መግቢያ» ይባላል፤ ደጋግሜ ተመዝግቤ ደጋግሜ ወድቄያለሁ፤ ይህን በምጽፍበት ጊዜም አላለፍኩም።

ነገሩ የደረሰብኝ በ2013 ዓ.ም. ክረምት፣ ጦርነቱ ወደ ወልድያ እየተጠጋ ሳለ ነው። ከዚያ ጦርነት የተረፈኝ ወሬ ብዙ ነው፤ አብዛኛውን አጋንኜ አወራዋለሁ። አንዱን ጥይት አሥር፣ አሥሩን መቶ አደርገዋለሁ። ይህን ግን ለሰው አውርቼው አላውቅም፤ ማጋነኛም አጥቼለታለሁ።

ያኔ በወረዳው ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነበር የምሠራው። አዲስ መዋቅር ይመጣል፣ ዲግሪ የሌለው ከወንበሩ ይነሣል ተባለ። የእኔ ወንበር ስፖንጁ የኔን መቀመጫ ቅርፅ ይዞ የደረቀ ነው፤ ሌላ ሰው ቢቀመጥበት አሽቀንጥሮ ይጥለዋል። አዲስ አበባ ያለችው ልጄ ወሬውን ሰምታ በኦንላይን የሚያስተምር አንድ ኮሌጅ ውስጥ አካውንቲንግ አስመዘገበችኝ። «አባ፣ ከቤትህ ሳትወጣ ትማራለህ» አለችኝ። የመጀመሪያው ኮርስ አልጀብራ ሆነና ቁጭ አለ።

ከቤቴ ሳልወጣ የሚለው አልሆነም። በዚያ ሰሞን ኔትወርክ ከከተማው ተሰዶ ከመርሳ በላይ ባለች አንዲት ጉብታ ላይ ሰፍሮ ነበር። ወጥቼ ስደርስ ምላሴ ከጉልበቴ በታች ይንጠለጠላል። አናቷ ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ አለ፤ እሱ አጠገብ የቆመ ኔትወርክ ያገኛል፣ ፈቀቅ ካለ ያጣል። ለስልክ የሚወጣው ሰው ብዙ ነበር፤ የከባድ መሣሪያው ድምፅ ከወልድያ ማዶ መሰማት ሲጀምር ግን ሰዉ ቀረ። እኔ አልቀረሁም፤ ፈተና ነበረብኝ።

ደግሞ ሌላ አመል አለብኝ። ሳሰላ ካልጮህኩ አይሰላልኝም። ገበያ ውስጥ ነው ያደግኩት፤ እዚያ ቁጥር በሹክሹክታ አይጠራም። «ሲቀነስ ሰባት፣ ሁለት ሲባዛ ኤክስ» እያልኩ ስጮህ ድምፄ ቁልቁል ወርዶ አስፋልቱን ተሻግሮ ይሄዳል። ጦርነት አፋፍ ላይ በደረሰ ከተማ ከፍታ ላይ ቆሞ በስልክ ቁጥር መጥራት ምን እንደሚመስል ያሰብኩበት ጊዜ አልነበረም።

ኪሮስን ያገኘሁት እዚያው ነው። ከቆቦ በላይ ካለ ቦታ ተፈናቅሎ የመጣ፣ መርሳ ትምህርት ቤት ውስጥ ከተጠለሉት ጋር የሚያድር የሒሳብ መምህር ነበር። ዕድሜው ከልጄ ብዙም አይበልጥም። ጉብታዋ ላይ የሚወጣው እናቱ ጋ ሊደውል ነው። የእናቱ ስልክ አይጠራም። እሱ ግን ይደውላል፣ ይጠብቃል፣ እንደገና ይደውላል፤ በመሐሉ የእኔን ጩኸት ይሰማል። አንድ ቀን አላስቻለውም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰባቱ ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» አለኝ።

«ወዴት ነው የሚሻገረው?»

«እኩል ይሆናልን አልፎ ወዲያ። እዚህ የሚደመር ከነበረ እዚያ ይቀነሳል።»

«ምን አጥፍቶ?»

ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ያስተምረኝ ጀመር። ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላውን በራሱ ላይ ሳይሆን በስልኬ ላይ ይዘረጋል፤ እሱ እየራሰ እኔ እማራለሁ። እያንዳንዱን ሒሳብ ስጨርስ የሚለኝ አንድ ነው፤ «ጋሼ፣ ምልክቱን ረሱት።» እኔም ሁልጊዜ እረሳዋለሁ። «ያንተ ምልክት እንደ አበዳሪ ነው፣ አይለቀኝም» እለዋለሁ፤ በማግሥቱ ደግሞ እረሳዋለሁ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። እኔ የመርሳ ወንዝ ውስጥ አዞ ገባ ብዬ በገበያ ቀን የስንቱን በግ ሳይሸጥ ያስመለስኩ ሰው ነኝ። ይመር አለ ከተባለ ሰው ግማሹን ይጥላል፤ የቀረውንም ይጠረጥራል። ነገር ግን በቀልዴ ውስጥ ወላሂ ብዬ አላውቅም። አገሩ ይህን ያውቃል። በአዞው ጊዜም «እስኪ ወላሂ በል» ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው በጉን ሸጦ የገባው።

የፈተናው ቀን ስልኬ ካሜራዬን አብራ አለኝ። አጠገቤ ሌላ ሰው ከታየ ፈተናው ይሰረዛል። ኪሮስን «አንዷን ብቻ ንገረኝ» ብዬ ለመንኩት።

«ጋሼ፣ በፈተና ላይስ አልናገርም» አለኝ። አልፎ ተርፎ ካሜራው እንዳያየው ከድንጋዩ ጀርባ ሄዶ፣ ፊቱን አዙሮ፣ ጃንጥላውን በራሱ ላይ ደፍቶ ተቀመጠ። እኔ እየጮህኩ ሠራሁ። የመጨረሻዋ ጥያቄ «ሁለት ኤክስ ሲደመር ስድስት እኩል ይሆናል አሥራ አራት፤ ኤክስ ስንት ነው?» ትላለች። አሥር ብዬ መለስኩና ላክ የሚለውን ተጫንኩ። ኔትወርኩ ደክሞ ኖሮ መላኪያዋ ክብ መሽከርከር ጀመረች። እሷ እየተሽከረከረች ሰዎቹ ደረሱ።

የከተማው ወጣቶች ናቸው፤ ሰርጎ ገብ እንዳይገባ ሲጠብቁ የከረሙ። አብዛኞቹ ዱላ ይዘዋል፣ ጥቂቶቹ መሣሪያ። ከፊት የሚመራቸው ሙሄ ነው። ሙሄ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ቤቱ ከቤቴ ጀርባ ነው።

«ለማን ነው ቁጥር የምትጠራው?» አለኝ።

አፉን ከፈታ ጀምሮ አንቱ ሲለኝ የኖረ ልጅ አንተ አለኝ። ዱላው ሳያርፍብኝ በፊት ያመመኝ እሱ ነው።

«ሙሄዋ፣ ፈተና ላይ ነኝ። ተማሪ ነኝ እኮ።»

ሳቁ። ሪዙ የሸበተ፣ ሆዱ የቀደመ ሰው ተማሪ ነኝ ሲል ማን አይስቅም። «አዞው ተመልሶ መጣ» አለ አንዱ።

ከዚያ ከድንጋዩ ጀርባ ጃንጥላውን አዩት።

«አንተስ ለምን ተደበቅህ?»

«ካሜራው እንዳያየኝ» አለ ኪሮስ።

እውነት ነው። ነገር ግን በዚያች ሰዓት ከዚህ የከፋ መልስ ሰባት ሊቃውንት ቢሰበሰቡም አያገኙም። መታወቂያ ጠየቁት፤ ስሸሽ ቤት ቀረ አላቸው። «አነጋገሩን ስሙት፣ አነጋገሩን» አለ ከኋላ ያለ። አስተማሪዬ ነው ብዬ ልናገር ስል አንዱ በጥፊ አፌን መለሰው።

ጫማችንን አስወልቀው አስፋልቱ ዳር አወረዱን፤ ጎማ ቤቱ ፊት ለፊት ጠጠር ላይ አንበረከኩን። ከተማው ሁሉ መጣ። ሠርግ ጠርቻቸው ቀርተው የሚያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ መጡ። ሴት ወንዱ እየተጠጋ ያየኛል፤ አንዲት ጎረቤቴ «ይሄ ሁሉ ቀልድ ለካ መሸፈኛ ነው» ስትል ሰማኋት። ጭቃ የወረወረም አለ፤ እኔን ስቶ ኪሮስን አገኘው። ሰዉ በዚያም ሳቀ።

ሙሄ ስልኬን ይዞ ጥያቄዋን አፍጥጦ ያያል። ክቧ አሁንም ትሽከረከራለች።

«ተማሪና አስተማሪ ከሆናችሁ መልሳችሁ አንድ ነው» አለ። «ለየብቻ እንጠይቃችኋለን። ከተለያየ አንዳችሁ ዋሽታችኋል።»

ሰዉ አደነቀው። እኔም ሳልቀር በልቤ አደነቅኩት፤ ብልህ ልጅ ነው።

ኪሮስን ከጎማ ቤቱ ጀርባ ወሰዱት። እኔ ቀድሜ ተጠየቅኩ። በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሐል ጭንቅላቴ እንደ ሰዓት ሠራ። አሥራ አራት አለ፤ ስድስት ይሻገራል፤ ሃያ። ለሁለት ሲካፈል አሥር።

«አሥር» አልኩ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ወላሂ፣ አሥር ነው።»

ሰዉ ይመር ወላሂ አለ ሲባባል ይሰማኛል። ጠጠሩ ራሱ ከጉልበቴ ሥር የለሰለሰ መሰለኝ።

ኪሮስን አመጡት። ጥያቄዋን አነበቡለት። ሳያስብ «አራት» አለ።

ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል የትኛው ልክ እንደሆነ የተናገረ አልነበረም። ወይ የሚያውቅ አልነበረም፣ ወይ የሚያውቀው ዝም አለ።

ኪሮስ የሰዉን ፊት አየና ነገሩ ገባው። ወደ እኔ ዞሮ፣ ልክ እንደ ጉብታዋ ላይ፣ ቀስ ብሎ «ጋሼ፣ ምልክቱን ረሱት» አለኝ። ከዚያ ወደ እነሱ ዞረ። «ተክታችሁ እዩት፣ ቀላል ነው። ሁለት ጊዜ አራት ስምንት፤ ስምንት ላይ ስድስት ሲደመር...»

«ቁጥር ከአፍህ እንዳይወጣ» አለው አንዱ፤ በዱላው ጫፍ አፉን መታው። ሊጨርሰው ሲሞክር ጥርሱ ከቃሉ ቀድሞ ወጣ።

ሙሄ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «እሱ ተሳስቶ ነው ወይስ አንቱ በወላሂ ዋሽተው?»

አንቱ ብሎኛል። በልቤ እንደገና አሰላሁት። አሁንም አሥር ነው።

«እኔ አልዋሸሁም» አልኩ።

«በቃ። ጋሽ ይመር፣ ይነሡ። አንቱንም አታልሎ ነው።» ክንዴን ይዞ አነሣኝ፤ ጉልበቴ ላይ የተሰካውን ጠጠር በመዳፉ አራገፈልኝ፤ ጫማዬንና ስልኬን ራሱ አመጣልኝ። ኪሮስን በገዛ ቀበቶው እጁን የፊጥኝ አስረው ፒክአፕ ላይ ጫኑት። ጫማው ጠጠሩ ላይ ቀረ። መኪናው ወደ ወልድያ ሄደ። እስኪርቅ ድረስ እሱ ወደ እኔ አላየም። ያን ቀን ያሰብኩት ነገር አለ፤ ቆይቼ እናገረዋለሁ።

ጥቂት ቀናት ሳይቆይ ጦርነቱ ወልድያንም እኛንም አልፎ ሄደ። ወራት ያለ መብራት፣ ያለ ስልክ ኖርን። የሞተ ሞተ፣ የተሰደደ ተሰደደ። እኔ ያን ያህል የተሠቃየሁለት ንብረት ክፍል ከነወንበሬ ተዘረፈ፤ የወሰደው ሰው ቅርፁ እንዴት እንደሚመቸው እንጃ።

ኔትወርክ የተመለሰ ቀን ከተማው ሁሉ በየደጁ ቆሞ ያለቅስና ይስቅ ነበር፤ ሁሉም የሚደውልለት አለው። እኔም ስልኬን ከፈትኩ። ልጄን ሳላገኛት በፊት ያቺ ጉብታዋ ላይ መሽከርከር የጀመረች ክብ ቆመች። የፈተናዬ ውጤት መጣ። የመጨረሻዋ ጥያቄ ላይ ቀይ ምልክት አለ። የእርስዎ መልስ፦ አሥር። ትክክለኛ መልስ፦ አራት።

ደጃፌ ላይ ተቀመጥኩና ኪሮስ ሊጨርሰው ያልተፈቀደለትን እኔ ጨረስኩት። ሁለት ጊዜ አራት ስምንት፤ ስምንት ላይ ስድስት ሲደመር አሥራ አራት። በጣት የሚቆጠር ነገር ነው። የመርሳ ሕዝብ በሙሉ ጣት ነበረው።

በማግሥቱ ወልድያ ሄጄ ያልጠየቅኩት ቢሮ የለም። «ያኔ የነበረ ሰው ዛሬ የለም» ይሉኛል። «የአባቱ ስም ማነው?» ሲሉኝ አላውቅም። «ምንህ ነው?» ሲሉኝ አስተማሪዬ እላለሁ፤ ሽበቴን አይተው ፈገግ ይላሉ። እስከ ዛሬ ድረስ መኖሩንም መሞቱንም የነገረኝ የለም። ጃንጥላውን ከጉብታዋ ላይ አምጥቼ ቤቴ ሰቅዬዋለሁ፤ ይዤው ግን አልወጣም።

ሙሄ ዛሬም ባጃጅ ይነዳል። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ያቆምልኛል፤ አንቱ ይለኛል፤ ሒሳብም አይቀበለኝም። የፈተናውን ውጤት አልነገርኩትም። ስለዚህ በእግሬ መሄድ እመርጣለሁ። ቀልድ አልተውኩም፤ ወላሂ ማለትን ግን ተውኩ። ሰው «ወላሂ በል» ሲለኝ ጥርሴን ያመኛል።

ጠጠሩ ላይ ያሰብኩትን እናገራለሁ ብያለሁ። ኪሮስ አራት ሲል «እንዲህ ባለ ቀላል ነገር የሚሳሳት የሒሳብ መምህር የለም» አልኩ በልቤ። ያ ሁሉ ወር፣ ውጤቱ እስከመጣባት ቀን ድረስ፣ ሰላይ ነው ብዬ አምኜ ነበር። ማስረጃዬ አራት ማለቱ ነው።