የአሚ ቲጃኒ ዘንግ

አሚ ቲጃኒ በየሰኞው ጠዋት ባሕር ላይ የወይራ ዘይት እንደሚያንጠባጥብ የማያውቅ የቀርቀና ደሴት ሰው የለም። ለምን እንደሆነ ግን አንድም ሰው አያውቅም ነበር። እኔ ደግሞ ያልገባኝ ነገር ካለ እህል አይወርድልኝም፤ አፈጣጠሬ ነው፣ ምን ላድርግ!

ዘይት ጠብ ሲል ውኃው ረጋ ይልና የባሕሩ ወለል ጥርት ብሎ ይታያል። ይሄንንማ ሕፃንም ያውቀዋል። የሚገርመው ሰውዬው አይቶ አይቶ ባዶ እጁን መመለሱ ነው። ቦታውም ሁሌ አንድ ነው፤ የአባቴ የዓሣ አጥር ከነበረበት ትንሽ አለፍ ብሎ።

ወደብ ላይ ያሉ ወሬኞች «ታች ሁለተኛ ሚስት አስቀምጧል» ይላሉ። ሚስቱ ዘክያ ትሰማና «ካስቀመጠስ ያስቀምጥ! ዘይቱን ለሷ ከሚያፈስ የኔን ጉልበት ቢያሽበት ምናለ?» ትላለች። እኔም አንድ ቀን «ምንድን ነው የምታየው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ሣር ሲበቅል» አለኝ። የሚያላግጥብኝ መስሎኝ ተናደድኩ።

አሚ፣ አጎቴ ማለት ነው፣ እለዋለሁ እንጂ ዘመዴ አይደለም። አባቴ ከሞተ በኋላ ግን መረብ መጠገን ያስተማረኝ፣ ሚስቴን ስጠይቅ ሽማግሌ የሆነልኝ እሱ ነው።

በኛ አገር ርስት ባሕር ውስጥም አለ። ከዘንባባ ቅርንጫፍ አጥር ይተከላል፤ ዓሣው አጥሩን ታክኮ ሲሄድ ወጥመድ ውስጥ ይገባል፤ ቦታው ከአባት ለልጅ ይወርዳል። የኛን ቅድመ አያቴ ነው የተከለው። ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት ዓሣው ድንገት ቀረ። አባቴ ሦስት ዓመት ሙሉ አዲስ ዘንባባ ተከለ። እናቴ ለክፉ ዓይን ብላ የደረቀ የዓሣ ጭራ አጥሩ ላይ ሰቀለች። ወይ ፍንክች! የኛ ሰው ዓሣ ሲጠፋበት ባሕሩን ሳይሆን ራሱን ነው የሚመረምረው። አባቴም «እጄ ላይ በረከት የለም፣ ያጠፋሁት ነገር ቢኖር ነው» እያለ ሞተ። አንድ ቀን እንኳ ዘይት ጠብ አድርጎ ወደ ታች አላየም።

ባለፈው ነሐሴ ከከተማ አንዲት ባለሙያ ካርታ ይዛ መጣችና ስብሰባ ተጠራ። ትልልቅ ሞተር ያላቸው ጀልባዎች ከባድ መረባቸውን ወለሉ ላይ እየጎተቱ ዓሣ የሚጠለልበትንና የሚራባበትን የባሕር ሣር ይነቅሉታል። ለዚህ ነው ወደ ዳር እንዳይጠጉ መስመር የተሰመረባቸው። አሁን ባለ ጀልባዎቹ መስመሩ ወደ ዳር ይገፋልን ብለዋል። ከተገፋ ወለሉ ላይ ያስቀመጥኳቸው ማሰሮዎች ያሉበት ቦታ አበቃለት ማለት ነው። ባለ ስምንት እጁ የባሕር እንስሳ፣ ኦክቶፐስ፣ ቤት አገኘሁ ብሎ እነዚያ ማሰሮዎች ውስጥ ይገባል፤ ሦስት ልጆች የማሳድገው በሱ ነው።

ከማዶ የመጣው ባለ ጀልባ፣ ነውፈል፣ ተነሣና «ሣር ነው እኮ ጎበዝ! ዘንድሮ ቢነቀል ለከርሞ ይበቅላል» አለ።

ሴትዮዋ «እዚህ ቦታ ላይ ሲበቅል ያየ አለ? ወይስ ሳይበቅል የቀረ?» ብላ ጠየቀች። ለካ ስናወራ እንጂ ስናይ አልኖርንም!

አሚ ቲጃኒ አንድ የዘንባባ ዘንግ ይዞ ብድግ አለ።

«ምንድን ነው አሚ፣ ምርኩዝ ነው?» አለ ነውፈል እየሳቀ።

«ና ቁጠረው ልጄ። አንድ መረብ የፋቀው ቦታ አለ። ሣሩ ባለቀበት ጠርዝ ላይ ብረት ተከልኩ። በየመስከረሙ እየጠለቅሁ ዘንጉን ከብረቱ ጀምሬ አስተኛዋለሁ፤ ሣሩ በደረሰበት ላይ በቢላ አንድ ጭረት።»

ሴትዮዋ ቆጠረች፤ ሃያ ሁለት። ከዘንጉ ጫፍ እስከ መጨረሻው ጭረት በስንዝር ለካችው። «ሁለት ስንዝር አይሞላም» አለች ቀስ ብላ። «የተፋቀው ስፋቱ ስንት ነው?»

«አሥራ ሁለት እርምጃ።»

ነውፈል ግን ሞኝ አይደለም። «ቆይ አሚ፣ እርስዎ መፋቁን በምን አወቁ?»

አሚ ቲጃኒ እሱን ትቶ እኔን አየኝ። «የፋቅሁት እኔ ነኛ። አንድ ወቅት ብቻ የማዶ ሰዎች ጀልባ ነድቻለሁ። ቡበከር፣ ያባትህን ዓሣ ያባረርኩት እኔ ነኝ። እጄ በረከት አጣ ሲለኝ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ አይዞህ ነው ያልኩት። እውነቱን አልነገርኩትም።»

ስብሰባውን ጥዬ ወጣሁ።

መስመሩ ሳይነካ ቀረ፤ ሴትዮዋ ጭረቶቹን አንድ በአንድ ለክታ ጻፈቻቸው። ማሰሮዎቼ ተረፉ። እኔ ግን ደስታው አልደረሰኝም። አባቴ መቃብር ላይ ቆሜ «አባዬ፣ እጅህ ምንም አልሆነም!» ብዬ ጮህኩ። ያየኝ ሰው አብዷል ብሎ ይሆናል፤ ይበለው። አሚ ቲጃኒንም ሰላምታዬን ነፈግሁት።

መስከረም ሲጋመስ ዘክያ በሬ ላይ ቆመች። «ይቅር በለው ልልህ አልመጣሁም» አለች። «አምና ሲጠልቅ ጆሮው ደማ። ዘንድሮ ከላይ ሆኖ ዘይቱን ያፈሳል እንጂ መውረድ አልቻለም። ጭረቱ ሊያመልጠው ነው።»

ንዴቴ አልበረደም፤ እውነቱን ልናገር። ግን ማወቅ ፈለግሁ። ሣሩ ዘንድሮስ ስንት ሄደ? ሰኞ ጠዋት ጀልባው ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። እሱ ቀዘፈ። ዘይቱን ጠብ አደረገ፤ ዘንጉን ቀማሁትና ጠለቅሁ።

ብረቱ ዝጎ ቀጥኗል። ሣሩ ጫፍ ላይ ጥፍር የምታክል አዲስ ቅጠል ወጥታለች፤ ከሥሯ አንዲት ጫጩት ዓሣ ተሸጉጣለች። ዘንጉን አስተኛሁት፤ የደረሰበትን በአውራ ጣቴ ጥፍር ያዝኩና ወጣሁ።

«ስንት?» አለኝ ገና ሳልተነፍስ።

«አንድ ጣት አይሞላም። ቢላውን ስጠኝ።»

ሃያ ሦስተኛውን ጭረት እኔ ቆረጥኩት። እጄን ትክ ብሎ አየና «የአባትህ እጅ ነው» አለ።

«የአባቴ እጅ ደህና ነበር» አልኩት።

«አዎ» አለ። «ደህና ነበር። ምንም አልነበረበትም።»