ጋቢ ስር የሚጠባ ልጅ

ጡት ማጥባት ያማል። ይህን የምለው ሁለት ልጆች አጥብቼ ነው፤ «የእናትነት ጣፋጭ ጊዜ» የምትሉ ሰዎች እስኪ ትንሽ ቁጭ በሉ። የመጀመሪያ ልጄን ሳጠባ ጥርሴን ነክሼ ግድግዳ እቧጥጥ ነበር። ባለቤቴ ምን ሆንሽ ሲለኝ ፍቅር ነው እለዋለሁ፤ አምኖኝ ወደ ኳሱ ይመለሳል።

ስለዚህ ሸጎሌ ኮንዶሚኒየም ከእኔ ቤት በላይ የምትኖረው ወጣት ጎረቤቴ ወልዳ ልጠይቃት ስወጣ ነገሩ ገና ከበሩ ገባኝ። የመጀመሪያ ልጇ ነው። አራስ ነብር ይባላል እንጂ ይህቺ ዝናብ የመታት ድመት ነበር የምትመስለው። ሕፃኑ ያለቅሳል፣ እሷም ታለቅሳለች፣ ቤቱን የሞሉት ጠያቂዎች ደግሞ ገንፎ እየበሉ ይመክራሉ። አንዷ ወተቷ ቀጭን ነው ትላለች። ሌላዋ አብሽ ጠጪ ትላታለች። ከቸርች የመጣችው እጇን ዘርግታ የደረቅነትን መንፈስ ትገስጻለች፤ የሰንበቴዋ ሴትዮ ደግሞ ጠበል ይሻላል ባይ ናቸው። ሃይማኖታቸው ቢለያይም ገንፎው ላይ ተስማምተዋል።

ሊያርሷት ከዊንጌት የመጡት አማቷ ናቸው። ጥሩ ሴት ናቸው፤ ሲቆጡ ግን ሊቀመንበር ያክላሉ። የእሳቸው ሕግ አንድ ነው፤ ሰው ፊት የሚጠባ ልጅ በዓይን ይበላል። ሕፃኑ አፉን በከፈተ ቁጥር እናትና ልጅ ላይ ድርብርብ ጋቢ ይጥሉባቸዋል። አራስ ደግሞ ለብቻዋ አትተውም፣ ስለዚህ ሰው አይጠፋም፣ ሰው ካልጠፋ ጋቢው አይነሳም። ሕፃኑ እዚያ ጨለማ ውስጥ ላብ እያጠመቀው የጡቱን ጫፍ ብቻ ያኝካል። እሷም የምታየው ነገር የለም። ጡቷ ተሰነጣጥቆ ደም አውጥቷል፣ ጤና ጣቢያ ሲመዘንም ልጁ ኪሎ አልጨመረም። ነርሷ በሚቀጥለው ሚዛን ካልጨመረ ተጨማሪ ወተት ያስፈልገዋል ብላታለች። እሷ የሰማችው ግን ሌላ ነው።

«እናት መሆን አልቻልኩም» አለችኝ ቀስ ብላ፣ አማቷ እንዳይሰሙ።

ተናደድኩ። ብድግ አልኩና ውሃ መጥቷል አልኩ። ውሸቴን ነው፤ ውሃ ከመጣ ሳምንት ሊሆነው ነው። እነዚያ ሁሉ መካሪዎች ግን ገንፎውን ጥለው ወደየጀሪካናቸው ወረዱ።

ከዚያ ጋቢውን ገለጥኩት። አማቷ ሊይዙብኝ ሲሉ፣ የእኔ ዓይን ካስፈራዎት መነጽሬን አወልቃለሁ፣ ያለሱ እንኳን ጡት አውቶብስም አይታየኝም አልኳቸው። ልጁን ሆዱን ከሆዷ አስጠጋሁላት። አፉን በደንብ እስኪከፍት ጠብቂው፣ ከዚያ ጫፉን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ጥቁሩን ጭምር ይጉረስ፤ ጉርሻ ነው እንጂ ቅምሻ አይደለም አልኳት። ሁለቴ ሳተው። በሦስተኛው ያዘ፣ ሲውጥም ተሰማን። ትከሻዋ ከጆሮዋ ስር ወረደ።

እዚህ ላይ ባቆም ቅድስት በሆንኩ ነበር። ግን እውነቱን ጨርሼ ነገርኳት። ቁስሉ እስኪድን ያምሻል። ሁሉም ተስተካክሎም ወተቱ ላይበቃው ይችላል፤ ያኔ ነርሷ እንዳለችሽ የዱቄት ወተት ጨምሪለት። የእኔ ሁለተኛዋ በጡትም በጡጦም ነው ያደገችው፣ ዛሬ በር ትገነጥላለች።

«እኔ ባለሁበት ቤት ጡጦ አይገባም» አሉ አማቷ።

«እማማ፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እያልን ሕፃን አናሳድግም» አልኳቸው። አፌ እንዲህ ነው፤ ከወጣ በኋላ ነው የሚደነግጠው።

እርግማን ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና የልጁን ላብ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉለት።

«አባቱን ያሳደግኩት በጡጦ ነው» አሉ። «ጡቴ እምቢ አለኝ። ሰው ሲመጣ ባዶውን ጡት ጋቢ ስር አጎርሰው ነበር፣ የማጠባ እንዲመስል። ሰው ሲሄድ ጡጦውን ከአልጋ ስር አወጣለሁ።»

የሕፃኑን ኪሎ ለምትጠይቁኝ፣ ኋላ በጡትም በጡጦም ሞላ፤ አሁን ጉንጩ ከፊቱ ይቀድማል። ያን ቀን ግን ስለ ኪሎ ያሰበ አልነበረም። ምራቲቱ የአማቷን እጅ ያዘች።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉ እማዬ?»

«ማን ጠይቆኝ?» አሉ። «የመጣው ሁሉ ይመክረኝ ነበር እንጂ።»

እኔ ገና ስለ ስንጥቁ ቅባትና ስለ ጡጦ አስተጣጠብ ልናገር ምላሴን እያሾልኩ ነበር። ዋጥኩት። ወደ ልጅቷ ዞርኩና አሁን ምን ትፈልጊያለሽ አልኳት።

«መተኛት» አለች።

አማቷ ልጁን ተቀበሏት፣ እኔም በሩን በቀስታ ዘግቼ ወጣሁ።