በሁዳዴ የጠጣሁት ወተት

ከመቐለ የወጣሁበት ማታ እናቴ እስከ ጭነት መኪናው ድረስ ሸኘችኝ። ያስማለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ሐጎስ ወደይ፣ ልጄ፣ የትም ግባ፣ ጾም እንዳትገድፍ።" ማልኩላት። ከዚያ ከወሎው ወዳጄ ከኢብራሂም ጋር ጨው ላይ ተቀምጠን አሥመራ፣ ከአሥመራ ምፅዋ፣ ከምፅዋ በመርከብ ለምድጃው ከሰል እያቀበልን እንግሊዝ አገር ገባን። እሱ ባሕሩን ወድዶ መርከበኛ ሆኖ ቀረ፤ እኔ ግን ባሕሩ ስላልተስማማኝ እዚያው ወረድኩ።

አገሩ፣ ምን ልበላችሁ፣ ፀሐይዋ ብቅ የምትለው እንደ አዲስ አማች እያፈረች ነው። ሰዉ ሰላምታው ስለ ዝናብ ነው፤ እናትህ ደኅና ናት ወይ የሚል የለም። ሥራ ያገኘሁት እርሳስ አቅልጠው ጡብ በሚያወጡበት ፋብሪካ ነው። ጡቡን ሲያዩት የመቐለ ገበያ አሞሌ ጨው ነው፤ ሲያነሱት ግን ወገብ ይቆርጣል። የሚጫነውም አቶም የሚሉትን ኃይል ሊያወጡበት ወደሚገነቡት ሥፍራ ነው።

ፋብሪካው ጠዋት ጠዋት ለሠራተኛው ሁሉ አንድ አንድ ብርጭቆ ወተት ያድላል፤ የእርሳሱ አቧራ እንዳይጎዳን ነው አሉ። ሁዳዴ እስኪገባ ደስ ብሎኝ ጠጣሁ። ከገባ ወዲያ ለፋብሪካው ድመት እገለብጥላት ጀመር። ድመቷ ወፍራ መራመድ ሲያቅታት አለቃችን ፎርማኑ ነቃብኝ።

እስከ ፋሲካ እንዲታገሠኝ ለመንኩት። ፋሲካማ ባለፈው ሳምንት አለፈ አለኝ። ያለፈው የእናንተው ነው፣ የእኛ ገና ነው ስለው፣ ድመቷን አየ፣ እኔን አየ።

"ስማ" አለኝ፤ "ጡቡ አቶሙ ዘንድ የሚሠሩትን ከጨረር ይጋርዳቸዋል። አንተን ከጡቡ የሚጋርድህ ወተቱ ነው። ትጠጣለህ፣ ወይ ትወጣለህ።"

ብወጣ ማደሪያ የለኝም፤ የምተኛውም የፋብሪካው ቤት ነው። ጠጣሁት። እንባዬ መጣ፣ አላፍርበትም።

ብዙ ሳይቆይ የኢብራሂም መርከብ ወደ ምፅዋ ሊነሳ ሆነ። እናቴ ዘንድ ዘልቆ ሁሉን ነግሮ ይቅርታ እንዲለምንልኝ አደራ አልኩት። ክረምት ላይ በሶ አሸክማው ተመለሰ።

ተቆጣች ወይ አልኩት።

"ኧረ የለም! የንስሐ አባታቸውን ጠይቀው፣ መድኃኒት ከሆነ ጾም አያስገድፍም ተባሉ። ይጠጣ ብለዋል።"

ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ አንገቱን ደፋ።

"ግን 'ወደይ ምን አሞት ነው መድኃኒት የሚጠጣው?' አሉኝ። ኧረ ጤነኛ ነው ብላቸው፣ 'ታዲያ ጤነኛ ሰው ምን ሊሆን መድኃኒት ያጠጡታል?' አሉ። ጠይቄው እመጣለሁ ብያቸው ወጣሁ።"

መርከቡ ሐሙስ ይነሳል። ናፍቃኛለች በልልኝ፣ የጠየቀችህን ስመጣ ራሴ እነግራታለሁ በልልኝ ብዬዋለሁ። መቼ እንደምመጣ ኢብራሂም አልጠየቀኝም።