ቁልቁለቱን ሁሉ የበራ መብራት

ቤታችን ታች ሲቀላ፣ ትምህርት ቤቴ ላይ ሴቻ ነው። ጠዋት እኔ ብስክሌቴን እየገፋሁ ዳገቱን አወጣዋለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እሱ እኔን ይዞኝ ይወርዳል። ክፍል የምገባው ላብ በላብ ሆኜ ነው። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ግማሹ እግሬን ሳሳርፍ ያልቃል። ቢሆንም በዚያ ሙቀት በእግር ከመመለስ ይሻላል።

አንድ ቀን ቁልቁለቱ መሃል ላይ ፍየል መንገድ ገባችብኝና ፍሬን ያዝኩ። ከኋላዬ የነበረው ባጃጅ ፍሬን መያዜን በምን ይወቅ? ገፍቶ ቦይ ውስጥ ጣለኝ። ጉልበቴ ተላጠ፣ ሌላ ነገር አልሆንኩም። ባለባጃጁ በማግስቱ ከአጎቱ ጋር ቤታችን መጣ። አጎትየው እርጥብ ሳር ይዘው በራችን ላይ ቆሙ። ሳር ተይዞ ሲለመን እምቢ ማለት እኛ ዘንድ ነውር ነው። እናቴ ከገበያ ገብታ ገና እግሯን እያሸች ነበር፤ እንደምንም ተነስታ ይቅር አለችው። ለብስክሌቱ ግን ሳር የያዘለት ሰው አልነበረም። እሱን ይቅር አላለችውም። ቅዳሜ ገዢ ይመጣል አለች፤ የጎረቤታችን ወንድም ነው፣ ከኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ሊያመላልስበት።

አለቀስኩ፣ ለመንኩ። በመጨረሻ ሰልችቷት እንዲህ አለች፦

"ከኋላሽ ያለው ሰው መቆምሽን የሚያውቅበት ነገር ካለ አሳዪኝ። ከሌለ ተይኝ፣ ደክሞኛል።"

ከአሮጌ የእጅ ባትሪ ላይ አምፖሉን ነቅዬ በቀይ ፌስታል ጠቀለልኩትና ከነባትሪ ድንጋዩ ከኮርቻው ሥር አሰርኩት። የኋላውን ጎማ ከግራና ከቀኝ የሚይዙት ሁለቱ የፍሬን ክንዶች ፍሬን ሲያዝ ይቀራረባሉ። በሁለቱም ላይ የመዳብ ቁራጭ አሰርኩና በሽቦ ከአምፖሉና ከድንጋዩ ጋር አገናኘሁ፤ መዳቡ ብረቱን እንዳይነካ ከተቀደደ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጬ ከሥሩ አደረግሁበት። ፍሬን ስይዝ መዳቦቹ ይነካካሉ፣ መብራቱ ይበራል። ስለቅ ይጠፋል። ግቢ ውስጥ ስይዝ ስለቅ ጣቶቼ ዛሉ። ደስታዬን ግን ምን ልበላችሁ!

ሐሙስ ዕለት ባለባጃጁን እናቴን ጭኖ ከኋላዬ እንዲወርድ ለመንኩት። ከይቅርታው በኋላ እምቢ የሚልበት አፍ አልነበረውም። ከሴቻ ተነስተን ሲቀላ ደረስን። ዞር ስል እናቴ ፊቷን ከስክሳለች።

ባለባጃጁ አንገቱን አውጥቶ፣ "እህቴ፣ ከላይ እስከ ታች እንደበራ ነው የወረድሽው" አለኝ። "መቼ እንደምትቆሚ በምን ልወቅ? እኔ ለጌጥ መስሎኝ ነበር።"

እውነቱን ነው። መብራቱም እውነቱን ነው የተናገረው። እኔ ቁልቁለቱን የምወርደው ከጫፍ ጀምሬ ፍሬኑን ጨብጬ ነው፤ የሰፈራችን ልጆች ሁሉ እንዲያ ነው የምንወርደው። ሜዳ ላይ ያለ ልጅ እንዲህ ያለ ስህተት አይሠራም። ሦስት ቀን ስለፋ ስለ ሽቦው እንጂ ስለ እጄ አላሰብኩም ነበር።

እናቴ ወርዳ ወደ ቤት መንገድ ጀመረች። ባለባጃጁ ግን አልሄደም።

"ፍሬን እንደ ሕፃን አይታቀፍም" አለኝ። "ነካ፣ ለቀቅ። ሙዝ ጭነው የሚወርዱትን አላየሽም?"

ዓርብ ከትምህርት በኋላ ሦስት ጊዜ ወረድኩ። ሦስት ጊዜ ለመውረድ ደግሞ ሁለት ጊዜ እየገፉ መውጣት አለ። መጀመሪያ ስለቀው ብስክሌቱ የሚያመልጠኝ መሰለኝና መልሼ ጨበጥኩት። በሦስተኛው የት እንደሚነካ፣ የት እንደሚለቀቅ እጄ አወቀው። ጭኖቼ ግን ይንቀጠቀጡ ነበር።

ሊመሽ ሲል ባለባጃጁን ጠርቼ እናቴን ለመንኳት። ቀኑን ሙሉ ገበያ ቆማ ነው የዋለችው። "የመጨረሻዬ ነው" ብላ ባጃጁ ውስጥ ገባች። ብስክሌቴን ከላይ አስረን እንደገና ወጣን፣ እንደገና ወረድን። ነካ፣ ለቀቅ። ፍየሏ የገባችብኝ ቦታ ስደርስ ጭብጥ አድርጌ ያዝኩና ቆምኩ። ዞር ብዬ ለማየት አልደፈርኩም። የባጃጁ ድምፅ ከኋላዬ፣ ራቅ ብሎ፣ ቆመ።

ታች ስንደርስ እናቴ የባጃጁን ብረት ይዛ ቀስ ብላ ወረደች።

"መብራቱ በበራ ቁጥር እኔም ወለሉን እንደ ፍሬን በእግሬ እረግጥ ነበር" አለች።

ቅዳሜ ገዢው መጣ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ብስክሌቱ እንደማይሸጥ ነገረችው። ሰውየው ተናደደ፤ ለምን አስመጣሽኝ አላት።

"መብራት ተሠርቶለታል" አለችው፤ "ያለ ልጄ እጅ አይሆንም።"

አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ነበር የሰማሁት። ብድግ ብዬ ላቅፋት ፈልጌ ጭኖቼ እምቢ አሉኝ። ሰኞ ጠዋት ብስክሌቴን እየገፋሁ ዳገቱን ወጣሁ። ሲወጡ መብራቱ አይበራም።