«በገዛ ፈቃዳቸው ለቀቁ»

የክለባችንን ታሪክ እንድጽፍ ሲጠይቁኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ጎንደር ውስጥ የኳስ ወሬ ሲነሳ ሰው የሚያነሳው ትልቁን ክለብ ነው። የእኛን፣ ከአራዳ ሱቆች ጀርባ በሰፈር ቡድንነት ተጀምሮ ለተጫዋች ደሞዝ እስከ መክፈል የደረሰውን፣ ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። እኔ ስምንት ዓመት ተከላካይ ሆኜ ተጫውቼበታለሁ፤ የመጨረሻዎቹን ዓመታት በአምበልነት። «ለምስረታ በዓሉ መጽሔት እናሳትማለን፤ ካንተ የተሻለ ማን ያውቀዋል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ አውቀው ነበር።

ክለቡን ክለብ ያደረጉት አሰልጣኛችን ናቸው። የቆላ ድባ ሰው፣ እኔንም ትምህርት ቤት ያስተማሩኝ የስፖርት መምህር ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር። አዘዞ የምንለማመድበት ሜዳ ላይ ከእኛ ቀድመው ይደርሱና ጎንበስ ብለው ድንጋይ ይለቅማሉ። ኳሶቹን በማዳበሪያ ከረጢት አዝለው በሚኒባስ ይመጣሉ፤ ረዳቱ ለከረጢቱም ይክፈሉ ሲላቸው ይስቃሉ። ቁርጭምጭሚቴ የተሰበረ ጊዜ ቤታችን ድረስ እየመጡ፣ ትከሻቸውን አስደግፈው ግቢ ውስጥ መራመድ ያስለመዱኝ እሳቸው ናቸው። እናቴ «እግዜር ሁለተኛ አባት ሰጠህ» ትለኝ ነበር።

በእሳቸው እጅ ወደ ከፍተኛው ሊግ አደግን። የዚያን ቀን ከአራዳ እስከ ፒያሳ ሰው ትከሻው ላይ ተሸክሞን ዞረ። በተከታዩ ዓመት ግን መሸነፍ ጀመርን። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት ጨዋታ። የቦርዱ ሰብሳቢ ቢሮው አስጠራኝ።

«ከአዲስ አበባ ስመ ጥር አሰልጣኝ አግኝተናል» አለኝ። «ቦርዱ አባረረ ከሚባል ተጫዋቹ ጠየቀ ቢባል ይሻላል። አሰልጣኙ ይነሱልን የሚል ደብዳቤ አንተ ጻፍ፣ ልጆቹን አስፈርም። አምበልነትህም ይቀጥላል።»

እምቢ ማለት እችል ነበር። እያንገራገርኩ ጻፍኩት ብል ደግሞ ውሸት ይሆንብኛል። እዚያው፣ በራሱ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቁጭታ ጻፍኩት። «አሰልጣኙ ዘመናዊ ሥልጠና አያውቁም» የሚል ዓረፍተ ነገር ጨመርኩበት፤ ያንን ማንም አላዘዘኝም።

ልጆቹ አንድ በአንድ ፈረሙ። በረኛችን ብቻ፣ የጭልጋው ልጅ፣ ወረቀቱን አይቶ መለሰልኝ። «ምነው? ሰውየው ምን በደሉህ?» አለኝ። «ለክለቡ ስንል ነው» አልኩት። ጓንቱን አንስቶ ወጣ።

ጋሼ ደብዳቤውን መልበሻ ክፍል ውስጥ፣ እኛ ባለንበት ቆመው አነበቡት። አንብበው ሲጨርሱ ቀና ብለው ማንንም አላዩም። «ቅዳሜ ባለው ጨዋታ በግራ በኩል ጠንቀቅ በሉ፤ ክንፋቸው ፈጣን ነው» አሉና ሄዱ። ቅዳሜ በግራ በኩል ሁለት ጎል ገባብን። ስመ ጥሩ አሰልጣኝ ዓመቱንም አልጨረሰ፤ ክለቡም ወረደ፣ ከዚያ በኋላ ተመልሶ አላደገም።

መጽሔቱን ስጽፍ የድሮ ፎቶ ፍለጋ ቆላ ድባ ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ በድምፄ ነው የለዩኝ። ከተቀመጡበት ተነስተው አቀፉኝ፣ ምሳ ካልበላህ አትሄድም አሉ፣ ያላቸውን ፎቶ ሁሉ በፖስታ አድርገው ሰጡኝ። ስለ ደብዳቤው ላነሳ ስል ባለቤታቸው ገቡ፤ ሲወጡ ደግሞ ፈራሁ። በሚኒባስ እየተመለስኩ ቢያንስ በጽሑፉ እክሳቸዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ቁጭ ብዬ ስጽፍ ግን እዚያ ዓመት ላይ ደረስኩና ቆምኩ። ሰብሳቢው በሕይወት አለ፣ የፈረሙት ሁሉ ያነቡታል፣ እኔም የልጆች አባት ነኝ። «አሰልጣኙ በገዛ ፈቃዳቸው ለቀቁ» ብዬ አለፍኩት።

ፎቶዎቹን ልመልስ ስሄድ መጽሔቱ ቀድሞኝ ደርሶ ነበር።

«ባለቤቴ አነበበችልኝ» አሉ። «ሸጋ አድርገህ ጽፈኸዋል። በገዛ ፈቃዳቸው የሚለው ጋ ስትደርስ ዝም አለች። ቀጥይ አልኳት።»

ያን ጊዜ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ያኔውኑ አውቄያለሁ። ትምህርት ቤት ደብተርህን ያረምኩ እኔ፣ እጅ ጽሑፍህ ይጠፋኛል?» ክንዴን ይዘው አነሱኝ። «ስለ ደብዳቤው ይቅር ብዬሃለሁ፤ ልጅ ነበርክ፣ ፈርተህ ነው። አሁን ግን ጎልማሳ ነህ። እኔስ ይቅር አልኩህ፤ መጽሔቱን ያነበበውን ሰው ምን ታደርገዋለህ?»

በማግስቱ ክለቡ ቢሮ ሄጄ ማረሚያ ይውጣልኝ አልኩ። ጸሐፊው መጽሔቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ፣ «አሁን በዚህ ማን ይጨቃጨቃል? ዳግመኛ ሲታተም እናስተካክላለን» አለኝ። ዳግመኛ አልታተመም። እኔም ዛሬ ነገ እያልኩ፣ በራሴ ስም የሆነ ቦታ ሳልጽፈው ክረምት ገባ።

ማረፋቸውን በስልክ ሰማሁ። መንገዱ ተዘግቶ የሰነበተበት ሳምንት ነበርና ለቀብራቸው አልደረስኩም። ሲከፈት ሄጄ ከባለቤታቸው ጋር ተቀመጥኩ። ልቅሶ ደራሹ ሁሉ ስለ ኳሱ ዘመናቸው ያወራል። አንድ ጎረቤት ወደ እኔ ዞሮ፣ «እንዲያ ስማቸው ገኖ ሳለ ምን ሆነው ተዉት?» ብሎ ጠየቀኝ። ባለቤታቸው አንገታቸውን እንደደፉ ነበሩ።

«አልተዉትም» አልኩ። «እኔ ነኝ ያስወጣኋቸው።» ከዚያ እንዴት እንደ ሆነ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። ይህን እሳቸው በሌሉበት ቤት ነው የተናገርኩት።